«ውሰድ» እና «ዋጥ»

ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ባለፈው ሰሞን የራሴን የዓይን መድኃኒት ለመቀበል፣ ስሠራበት ወደ ኖርሁት መስኮት ሄጄ እንደ ሰው ተሰለፍሁ። የወረቀት ማዘዣ የሚባል ነገር ቀርቷል። ሐኪሙ በክፍሉ ሆኖ የጻፈው መድኃኒት ማደያው ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ አየችው፣ ከመደርደሪያው አንስታ ሰጠችኝ፣ አለቀ። ጥሩ ነው። የሐኪም ጽሑፍ ስንፈታ ዓይናችን የደከመ እኛ፣ ጥሩነቱን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ቢሆንም ዓይኔ አንድ ነገር ፈልጎ አጣ። በድሮው ማዘዣ ላይ ከመድኃኒቱ ስም በፊት በስተግራ የምትቀመጥ ምልክት ነበረች፤ የፈረንጆቹ «አር» ፊደል ሆና እግሯ ላይ ሰረዝ የተጣለባት። የላቲን ግስ ናት፣ ትእዛዝ አንቀጽ። «ሬኪፔ» ትባላለች፤ «ውሰድ» ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በየቀኑ አይቻታለሁ። ትርጉሟን ያስተማሩኝ ጋሽ አዛናው ናቸው። እሷ ትዝ ስትለኝ የማዝነውም ለእሳቸው ነው።

ሥራ የጀመርሁት አዲስ ዘመን ከተማ ነው፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ። ያኔ ገና ከትምህርት የወጣሁ መድኃኒት አዳይ ነበርሁ። አለቃዬ የመጋዘን ቁልፍ ከወገባቸው የማይለይ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሲያገኙ ሰው የሞተባቸው የሚመስሉ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ከገዳሙ የሚወርዱ መነኮሳት ወደ መስኮቴ ይመጡ ነበር። አንድ ሽማግሌ አባት፣ «ጠዋት ይበሉት» ስላቸው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ የእኔ ጠዋት እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉኝ። ጾመኛ ናቸው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውኃ ባፋቸው አይዞርም። ሌላውን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። «ጠዋት» የሚለው ቃል ለሁሉም ሰው አንድ እንዳልሆነ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወደ ወረታ ተዛወርሁ። የሠራሁበትን ሐኪም ቤት ስም አልጠራውም። ኃላፊዎቹም ተበትነዋል፣ አሮጌው ቤትም ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል። ጋሽ አዛናውን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የታጠበ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቅኔ ቤት ገብተው ግስ ሲያወርዱ ያደጉ ናቸው። እግራቸው ቆስሎ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ ለመጻፍና ለማንበብ መፍጠናቸውን ያየ አንድ ሐኪም እዚያው አስቀራቸው። ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ድሬሰር ሆኑ፤ ቆይተውም ወደ መድኃኒት ክፍል ገቡ። ላቲኗን የነገራቸው ያሠለጠናቸው ፈረንጅ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ምልክቷን ሸምድደው አለፉ። ለእሳቸው ግን ግስ ነበረችና ሥሯን፣ እርባታዋን፣ ዘመዶቿን እየጠየቁ መምህሩን አላስቀምጥ አሉት።

ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ቅባት እየቀላቀሉ ያስተምሩኛል። «መጀመሪያ 'ካፒዮ' የሚል ግስ ነበረ፤ 'እይዛለሁ፣ እጨብጣለሁ' ማለት ነው። ከፊቱ 'ሬ' ሲገባበት 'ወደ ራሴ መልሼ እይዛለሁ፣ እቀበላለሁ' ሆነ። ድምፁንም ልብ በይ፤ 'ካ' የነበረው 'ኪ' ሆነ፤ ሬኪፒዮ። እኛም ዘንድ እኮ ባዕድ ፊደል ሲገባ ግሱ ይለወጣል።» ከዚያ እንደ ቅኔ ቤት ተማሪ በዜማ ያወርዱታል፤ «ሬኪፒዮ፣ ሬኪፔሬ፣ ሬኬፒ፣ ሬኬፕቱም።» ቀጥለውም «ወሰደ» የሚለውን የግእዙን ወንድሙን፤ «ነሥአ፣ ይነሥእ፣ ይንሣእ፣ ንሣእ።» መስኮቱ ላይ የሚጠብቅ ሰው ካለ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስለዋል።

አንድ ቀን፣ «ፈረንጆች ገንዘብ መቀበላቸውን ለሚመሰክረው ወረቀት ያወጡት ስም ከዚችው ግስ የተወለደ ነው» አሉኝ። «እኛስ ምን አልነው?»

«ደረሰኝ።»

«አየሽ፣ ግሱን እንዳለ ይዘን ስም አደረግነው። 'ደረሰኝ' ብሎ የሚናገር ወረቀት። ሰው የትም አገር ሰው ነው፤ የሚያስበው አንድ ነው።»

ቀጥለው የጠየቁኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ይችስ 'ሬኪፔ' የምትለው፣ ትእዛዟ ለማን ነው?»

«ለበሽተኛው ነዋ» አልሁ።

«አይደለም። ለእኛ ናት። ሐኪሙ ቀማሚውን 'ከዚህ ይህን ያህል፣ ከዚያ ያን ያህል ውሰድ፣ ቀምም' ይለዋል። በሽተኛው ገና አልተነገረውም። ለእሱ የሚነገረው በኋላ ነው፣ እሱም በእኛ አፍ።»

እሳቸውም ለበሽተኛው ሲናገሩ «ውሰድ» ብለው አያውቁም። እንክብል ከሆነ «ዋጥ»፣ ሽሮፕ ከሆነ «ጠጣ»፣ ቅባት ከሆነ «ተቀባ»፣ የዓይን ከሆነ «ጠብ አድርግ» ነው። እጃቸውን ታጥበው ኪኒኑን በመቁጠሪያው ሳህን ላይ በማንኪያው ገፋ ገፋ አድርገው ይቆጥራሉ። ከረጢቱን ወዲያው አይሰጡም። በእጃቸው እንደያዙ፣ «በሉ እስቲ፣ አሁን እኔ በሽተኛ ልሁን፣ እርስዎ ሐኪም ይሁኑ። እንዴት ላድርገው?» ይላሉ። ገበሬው መጀመሪያ ያፍራል፤ ከዚያ ሐኪምነቱ ይጥመዋል። «ጠዋት አንዱን ትውጣለህ፣ ማታ አንዱን ትውጣለህ፤ ሆድህ ባዶ እንዳይሆን» እያለ በጣቱ ሲያስጠነቅቃቸው፣ ጋሽ አዛናው እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ሰልፉ ይስቃል። ሰልፍ ላይ ያለውም የሌላውን መድኃኒት አብሮ ይማራል።

አንድ ጊዜ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር የመጣች ሴት ለሕፃኗ የተሰጣትን ሽሮፕ እንዴት እንደምትሰጠው አሳዪኝ ስትባል ወደ ጆሮው አስጠጋችው። የታመመው ጆሮው ነበርና ለጆሮው የሚደረግ መስሏት ነው። ጋሽ አዛናው ሳይስቁ፣ «ደግ አድርገሽ አሳየሽኝ» አሏትና በሽሮፕ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርገው በልጁ አፍ ሰጡት። እሷ ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «ባልጠይቃት ኖሮ?» አሉ።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። ወጣት፣ ትጉህ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነበር። ቤቱን አጸዳ፣ ሰልፉን አሳጠረ፣ ወንበር አስገባ። በዚያው ሰሞን «ጠዋትና ማታ ይውሰዱ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት የኪኒን ከረጢት ይመጣልን ጀመር። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሣው።

«ጋሽ አዛናው፣ ለትልቅ ሰው 'ዋጡ' ማለት አይከብድም? የታተመው 'ይውሰዱ' ነው የሚለው። ሠለጠን ያለም ነው። ሁላችንም እንደታተመው ብንናገር ጥሩ ነው።»

«ወዴት ይውሰዱት?» አሉ ጋሽ አዛናው።

ሠራተኛው ሳቀ። ኃላፊው ግን ቀላ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ስለ ቃል መሆኑ ቀርቶ ስለ ክብር ሆነ። መስኮቱ አጠገብ እየመጣ ይቆማል። «አሁን እኔ በሽተኛ ልሁን» ሲሉ ከሰማ ሰዓቱን ያያል። «ሰልፉ ረዘመ» ይላል። ጋሽ አዛናው ጥቂት ጊዜ ታገሉ። በኋላ ግን አንድ ቀን ጋዋናቸውን እያወለቁ፣ «ጡረታዬ ደርሷል። ከልጅ ጋር ስጣላ መውጣት አልፈልግም» አሉኝ። እኔም ነገሩን ያበረዱት መሰለኝና ደስ አለኝ።

ሩዙ ታጭዶ የተወቃበት ሰሞን ነበር። የፎገራ ገበሬ ያን ጊዜ ትንሽ ፋታ ያገኛል። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ የከረመ እግሩንና ወገቡን ይዞ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይወርዳል። አያ ሙጨ የሚባሉ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ራሳቸውን አሟቸው መጡ። ሐኪሙ ደም ብዛት ነው ብሎ ኪኒን አዘዘላቸው። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ከብት አርቢነታቸው ከድምፃቸው የሚታወቅ ሰው ነበሩ። ኃላፊው በዚያ ሰዓት ከኋላችን መደርደሪያውን ያስተካክላል። ሰልፉ ከበሩ ውጭ ደርሷል።

ጋሽ አዛናው ቆጠሩ፣ ከረጢቱ ውስጥ ጨመሩ። «ጠዋትና ማታ ይ...» ብለው ቆም አሉ፤ ወደ ኋላቸውም ገልመጥ አሉ። «ይውሰዱ» አሉ።

«ወንዛዬ ልወርድ ነው» አሉ አያ ሙጨ። «ጠዋትም ማታም ውኃው ዘንድ ነኝ። እዚያም ልውሰደው?»

«አዎ፣ እዚያም ይውሰዱት። አንድ ቀን እንዳይረሱ።»

«ኧረ እንዴት እረሳለሁ» ብለው ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመስግነው ሄዱ። ከጎን ነበርሁ፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። የታየኝ ነገር ግን አልነበረም። ጥያቄና መልሱ የተገናኘ ይመስል ነበር።

አያ ሙጨ የተመለሱት በቃሬዛ ነው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። የወንዛዬ ሰዎች ተሸክመው እስከ መኪናው አድርሰዋቸዋል። ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱበትን ወረቀት ሲጽፍ፣ አብራቸው የነበረችው ልጃቸው ማሬ ወደ መስኮቱ መጣች። ያኔ ገና ያላገባች ኮረዳ ነበረች።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ እኮ አልሠራለትም» አለቻቸው። ቁጣ የለባትም፤ ሌላ እንዲሰጡት ነው የመጣችው።

«አቋረጡት እንዴ?»

«አንድ ቀን አላቋረጠም። ወደ ውኃው ሲወርድ ከረጢቱ እንዳይረጥብበት ከራሱ ላይ በነጠላ ጠምጥሞት ነው የሚገባው። ልያዝልህ ስለው እንኳ አይሰጠኝም። 'ውሰድ የተባልሁ እኔ ነኝ' ይላል።»

በእጇ የያዘችውን ነጠላ ፈታችው። ከረጢቱ በፍል ውኃው እንፋሎት ልሟል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ኪኒኑ እንዳለ ነበር።

«አልዋጡትም?» አሉ ጋሽ አዛናው።

«መዋጥ?» አለች ማሬ። እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች። «ዋጥ መች ተባለ?»

ጋሽ አዛናው አልተቀመጡም፣ አልጮኹም። አዲስ ኪኒን ቆጠሩ። ከመስኮቱ ወጥተው ቃሬዛው ዘንድ ሄዱና ተንበርክከው ለማሬ አንድ በአንድ አስረዷት። መልሳ እንድትነግራቸውም አደረጉ። መኪናው ከሄደ በኋላ ተመልሰው የቀረውን ሰልፍ ጨረሱ። ለእያንዳንዱ ሰው «ዋጡ» አሉ። ኃላፊው ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ሰዓቱን አላየም። ለበላይ በጻፈው ሪፖርት ላይ ግን ምክንያቱ «የታካሚው የግንዛቤ ማነስ» ተባለ።

በማግሥቱ ጋሽ አዛናው ሥራ አልገቡም። በሳምንቱም አልገቡም። እቤታቸው ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ይመለሱ እንጂ ጋሼ» አልኋቸው። «እርስዎ ምን አጠፉ? የታተመውን ነው ያሉት።»

«የታተመውንማ ማንም ያነባል። እኔ እዚያ የቆምሁት የታተመውን ለማንበብ አይደለም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያቺ ቃል ለእኛ የተሰጠች ትእዛዝ ናት ብዬሽ ነበር። እያወቅሁ ለእሱ አሸከምሁት። እሱም በራሱ ተሸከማት።»

ብዙ ለመንኋቸው። «ሰው ሁሉ ይሳሳታል» አልሁ፤ «በሽተኛው እርስዎን ነው የሚፈልግ» አልሁ። በመጨረሻ፣ «ቁሐር ሚካኤል ልሄድ ነው፤ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ። ከልመናዬ ሁሉ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።

የሰፈራቸውን ቄስ ይዘን ሄድን። ሜዳው ገና በየቦታው ውኃ አቁሯል፤ ጫማችንን አውልቀን ተሻገርን። አያ ሙጨ ከሆስፒታል ተመልሰው መደብ ላይ ተጋድመዋል። ሲያዩን በደኅናው እጃቸው ተደግፈው ሊነሡ ታገሉ። ማሬ እርጎ አቀረበችልን። ቄሱ የመጣንበትን ከመናገራቸው በፊት አያ ሙጨ በተጣመመ አፋቸው ጀመሩ፤ ቃላቸው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

«እግዜር ይስጥዎ። ያ መድኃኒት ባይኖር ሞቼ ነበር። በራሴ ላይ ስለነበረ ነው የተረፍሁ።»

ማሬ ወደ ጋሽ አዛናው ተመለከተች። ለአባቷ አልነገረችውም ነበር። ዝም እንዲሉላት በዓይኗ እንደለመነቻቸው እኔም አየሁ፤ ቄሱም አዩ። ጋሽ አዛናው እርጎውን ሳይቀምሱ አስቀመጡት።

«አያ ሙጨ፣ ያ መድኃኒት የሚያድነው ሲዋጥ ነበር» አሉ። «ተውጦ ቢሆን ምናልባት ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

አያ ሙጨ በደኅናው እጃቸው ራሳቸውን ዳሰሱ። ከዚያ፣ «እንግዲያ ምነው ዋጥ ሳይሉኝ?» አሉ። ወቀሳ አልነበረም። ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁ።

«ሰው ፈርቼ» አሉ ጋሽ አዛናው።

ቄሱ ስለ ይቅርታ ተናገሩ። አያ ሙጨ «ይቅር ለእግዜር» አሉ፤ እጅም ተሳሳሙ። በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ስንመለስ ግን ጋሽ አዛናው ከእኛ ወደ ኋላ እየቀሩ ሄዱ። ውኃው ዘንድ ስንደርስ፣ «እናንተ ቅደሙ» አሉን። ቄሱ እጄን ይዘው ሳቡኝ፤ እሳቸውን ከኋላ ትተን ተሻገርን።

ወደ መስኮቱ አልተመለሱም። ጡረታቸው ሲፈቀድ የሽኝት ዝግጅቱ ላይም አልመጡም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለቆሎ ተማሪዎች ግስ ያወርዱ ነበር፤ «ነሥአ» ሲሉ ባጠገባቸው ሳልፍ ሰምቻለሁ። ላቲኗን ግን ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው አልሰማኋትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁሐር ሚካኤል ይወርዱ ነበር፤ አያ ሙጨ ኪኒናቸውን ሲውጡ አጠገባቸው ይቀመጣሉ ይባላል። ሁለቱ ምን ያወሩ እንደነበር አላውቅም። ጋሽ አዛናው ሲያርፉ አያ ሙጨ በበቅሎ ተጭነው ለቀብሩ መጡ፤ እሳቸውም ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ።

መስኮቱን የተረከብሁት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻዋ ቀን «ዋጡ» አልሁ፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን «እኔ በሽተኛ ልሁን» አልሁ። ከረጢቱ ላይ ያለው ቃል እንዲለወጥ ለሚመለከታቸው ሁሉ ተናገርሁ፣ አመለከትሁ። «ቃሉ መደበኛ ነው» አሉኝ። አንድ ቃል ማስለወጥ ሳይሆንልኝ ጡረታ ወጣሁ። ጋሽ አዛናውን ማስመለስ እንዳልሆነልኝ ሁሉ ይህም አልሆነልኝም።

ዛሬማ «ውሰድ» አሸንፏል። ከተማውም ገጠሩም መድኃኒት «ይወስዳል»፤ ማንም አይሳሳትበትም። ግስ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲለምደው አዲስ ትርጉም ያወጣል። እኛ ዘንድ ግን ቃሉ ከትርጉሙ ቀድሞ ደረሰ፤ በመሀል የተገኙት አያ ሙጨ ናቸው።

ባለፈው ወር ማሬን ልጠይቃት ቁሐር ሚካኤል ሄጄ ነበር። እሷም በተራዋ ደም ግፊት ይዟታል። ባሕር ዳር የምትማር ልጅ አለቻት፤ በየጠዋቱ ትደውልላታለች። ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ማሬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የምታናግራትና የልጅቱን ቃል እኔም ሰማሁት።

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?»

«ዋጥሁት» አለች ማሬ።

«ያው ነው እኮ እማዬ» ብላ ልጅቱ ሳቀች።

ማሬ ደኅና ዋይ ብላ ስልኩን ዘጋችና፣ ጽዋው ውስጥ የቀረችውን ውኃ ጨልጣ ጠጣች።